ስለምናያቸው ፊልሞች፣ ስላላየነውም ፊልም



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ፋይናል ባለቀ ማግስት ከዶርም ዶርም የሚዞረው ፍላሽ ምን እንደተሸከመ ሁላችንም እናውቃለን። ጥቂቱ ሌክቸር ኖት ነው፤ የቀረው ፊልም ነው። ከዒሻ በኋላ ስድስት ሰው አንድ ላፕቶፕ የሚከበው ሁልጊዜ ለጥናት አይደለም። ይህን የምንለው ማንንም ለማጋለጥ አይደለም። በጀመዓችን ስለ ፊልም የሚነሳው ጨዋታ ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ስለሚቆም ነው። አንዱ "ሐራም ነው" ይላል፤ ሌላው "ምን ችግር አለው?" ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ተለያይተው ያንኑ ፊልም ያያሉ።

ፈትዋ መስጠት የእኛ ቦታ አይደለም። ስለ ሙዚቃውም ስለ ምስሉም ዑለማዎች ያሉትን ለማወቅ ኡስታዞቻችን አሉ፤ እነሱን መጠየቅ ነው። ሶላት የሚያሳልፍ፣ ዓይንን የሚያበላሽ፣ በዲን የሚያላግጥ ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ መድረሳ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፊልምን በጥርጣሬ ማየትም የሙስሊሙ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ቤት ሕዝቡ "ሰይጣን ቤት" ብሎት ነበር። ዛሬ ያ ቤት በስልክ አምሳል ኪሳችን ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ "እንይ ወይስ አንይ?" ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ማንሳት ያስፈልጋል፦ የምናያቸው ፊልሞች ምን ትተውልን ይሄዳሉ? እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን፤ የፊልም ሊቆች አይደለንም። እንደ ማንኛውም ተመልካች ያየናቸውን ጥቂት ፊልሞች አንስተን የመሰለንን እንናገራለን።

ከማንም በፊት የሚመጣው "አር-ሪሳላ" ነው። ሶሪያዊው ሙስጠፋ አል-ዐቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው ይህ ፊልም ከመካከላችን ያላየው ሰው ጥቂት ነው። ሁለት ጊዜ የተሠራ ፊልም ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱ በዐረብኛ፣ ሌላው በእንግሊዝኛ፣ ተዋናዮቹ ተለያይተው ጎን ለጎን ተቀረጸ። በእንግሊዝኛው ሐምዛን ሆኖ የተጫወተው አንቶኒ ኩዊን ሲሆን፣ በዐረብኛው ዐብደላ ጌይስ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ተዋናዮቹ የሚናገሩት ወደ ካሜራው ነው። እንደ ቴክኒክ ካየነው ከባድ ችግር ነበር፤ ዋናው ባለታሪክ የማይታይበት የሦስት ሰዓት ፊልም መሥራት ማለት ነው። ዐቃድ ግን አደቡን ጠብቆ ሠራው። ሞሮኮ ውስጥ ጀምሮት በተጽዕኖ ሲቋረጥበት ወደ ሊቢያ ሄዶ ጨረሰው።

በዚህ ፊልም ላይ የደረሰውም ራሱ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ ሊታይ ሲል የታጠቁ ሰዎች ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ከ100 በላይ ሰዎችን አገቱ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ "ፊልሙ ይቁም" የሚል ነበር። አንቶኒ ኩዊን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሆኖ የተጫወተ መስሏቸው ነበር፤ ፊልሙን ግን አላዩትም። በዚያ ሰበብ የሰው ሕይወት ጠፋ። ዐቃድ ራሱም እ.ኤ.አ. በ2005 በዐማን ከተማ ሆቴሎች ላይ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከሴት ልጁ ጋር ሞተ። እስልምናን ለዓለም ለማስተዋወቅ የደከመውን ሰው የገደሉት በእስልምና ስም የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። ያላዩትን መኮነን ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

እኛ ሐበሾች ግን ፊልሙን ስናይ የምንጠብቀው አንድ ቦታ አለ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ ከሱረቱ መርየም የሚቀራበት ነው። እዚያ ሲደርስ ዶርሙ ጸጥ ይላል። ያ ንጉሥ የእኛ ንጉሥ ነው፤ ያ ፍርድ የእኛ አገር ፍርድ ነው። ደስ ይላል። ሆኖም ትዕይንቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ወደ መካ ይመለሳል፤ ሐበሻም ከፊልሙ ትወጣለች። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን።

የዐቃድ ሁለተኛው ፊልም የዑመር አል-ሙኽታር ታሪክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ። በእኛ ግምት ከመጀመሪያውም ይበልጣል። ዑመር አል-ሙኽታር ሕፃናትን ቁርኣን የሚያስቀሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሊቢያን የወረረውን ጣሊያን 20 ዓመት ያህል ተዋግተው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1931 ተሰቀሉ። በፊልሙ መጨረሻ መነጽራቸው ይወድቅና አንድ ልጅ ያነሳዋል። ያ ልጅ ምንም አይናገርም፤ መናገርም አያስፈልገውም። ጣሊያን ፊልሙን ለብዙ ዓመታት በአገሯ እንዳይታይ ከልክላ ነበር።

ይህን ፊልም ኢትዮጵያዊ ተማሪ ሲያየው ሌላ ነገርም ያያል። የሊቢያን ሕዝብ ከነከብቱ በሽቦ አጥር ያጎረው ጄኔራል ግራዚያኒ ነው። ያው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ እኛ መጣ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለደረሰው እልቂት ተጠያቂው እሱ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ ጣሊያን በሠራቸው ሕንፃዎች ፊት በየቀኑ እናልፋለን፤ ከነዚያ አንዱ ሲኒማ ቤቱ ነው። ያንን ሕንፃ የሠራው አገዛዝ ቤንጋዚ አካባቢ ምን ሲሠራ እንደነበረ የነገረን ግን የዐቃድ ፊልም ነው። የሊቢያው ሽማግሌና የጎንደር አርበኛ አንድ ጠላት ነበራቸው። ይህን የሚነግር ሌላ ፊልም እስካሁን አላየንም።

አሁን ወደ ኤርቱግሩል እንምጣ፤ ብዙዎቻችሁ እንደምትቆጡን እናውቃለን። ይህ የቱርክ ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በአምስት ምዕራፍ ታይቷል። አንዱ ክፍል ብቻ የአንድ ሙሉ ፊልም ርዝመት አለው። ጥሩ ጎኑን አንክድም። ሙስሊም ሰው ሽብርተኛ ሳይሆን፣ ቢስሚላህ ብሎ የሚነሳ፣ ሽማግሌ የሚያከብር፣ ቃሉን የሚጠብቅ ሆኖ ታይቶበታል። ከሆሊውድ በኋላ ይህን ማየት ልብን ያሳርፋል። ሁለት ነገር ግን ይከነክነናል። አንደኛው፣ ስለ እውነተኛው ኤርቱግሩል በዘመኑ የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ የምናየው በአብዛኛው የዛሬ ደራሲዎች ድርሰት ነው። ከመካከላችን ግን እንደ ሲራ አድርጎ የሚተርከው አለ። ሁለተኛው፣ በፊልሙ ችግር ሁሉ በሰይፍ ይፈታል። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀግና ሲዋጋ አይቶ ፈጅር የሚያመልጠው ሰው የትኛውን ጦርነት እንዳሸነፈ ራሱን ይጠይቅ።

ስለ ሰይፍ ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ዱባይ ውስጥ ስለ ቢላል (ረ.ዐ) የተሠራውን አኒሜሽን ታናናሾቻችን ይወዱታል። ሥዕሉ ያምራል። የእናቱ የሐበሻነት ወግ በመነሳቱም ደስ ብሎናል። ነገር ግን ፊልሙ ቢላልን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰይፍ የሚመኝ ተዋጊ አድርጎ፣ እንደ አሜሪካ ልዕለ ጀግኖች ሊያሳየን ይፈልጋል። እኛ መድረሳ የተማርነው ቢላል ጀግና የሆነው ገና ምንም መሣሪያ ሳይዝ ነው። በሚያቃጥል አሸዋ ላይ ተጋድሞ፣ ደረቱ ላይ ቋጥኝ ተጭኖበት፣ "አሐድ፣ አሐድ" ሲል ነው። እሱን ለማሳየት ብዙ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ መታገስ የሚችል ካሜራ ይበቃል።

መታገስ የሚችል ካሜራ ማየት የሚፈልግ ሰው የኢራናዊውን መጂድ መጂዲን "የጀነት ልጆች" ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራ ነው። ታሪኩ አንድ ጥንድ ጫማ ነው፤ ሌላ የለውም። ዐሊ የሚባል ልጅ የእህቱን ጫማ አሠርቶ ሲመለስ ይጠፋበታል። አባታቸው ድሃ ስለሆነ አይነግሩትም። የዐሊን ሸራ ጫማ ለሁለት ይለብሱታል፤ እሷ በጠዋቱ ፈረቃ ሄዳ እየሮጠች ትመለሳለች፣ መንገድ ላይ ይቀያየራሉ፣ እሱ በከሰዓቱ ፈረቃ እየሮጠ ይሄዳል። ኋላም ሦስተኛ ለወጣ ጫማ የሚሸለምበት ሩጫ ውስጥ ይገባና ሳያስበው አንደኛ ወጥቶ ያለቅሳል።

ደባርቅ፣ ዳባት ወይም ወገራ ያደገ ተማሪ ይህን ፊልም ማስተርጎም አያስፈልገውም። ኮንጎ ጫማ፣ ፈረቃ፣ የአባት ዝምታ፣ ሁሉንም ያውቀዋል። ከሁሉም በላይ በልባችን የቀረው ግን ስለ ስኳር የሚያሳየው ቦታ ነው። አባትየው የመስጂድ ስኳር ቤቱ ወስዶ ይፈረክሳል። ልጁ ሻይ ስታመጣለት ስኳር ይጠይቃታል። "ይኸው ፊትህ ሞልቶ የለ" ዓይነት ስትለው፣ የመስጂድ አማና መሆኑን ይነግራታል። የተራራ ያህል ስኳር ፊቱ ተከምሮ መራራ ሻይ ሊጠጣ የሚችል ድሃ አባት! ስለ አማና ከሰማናቸው ኹጥባዎች ብዙዎቹን ረስተናል፤ ያንን ስኳር ግን አልረሳነውም።

ከአገራችን ፊልሞች ወደዚህ የሚቀርበው የያሬድ ዘለቀ "ላምብ" ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም ከበጉ ከቹኒ ጋር ዘመድ ቤት ይቀራል። አጎቱ ማረስ እንዲማር ይፈልጋል፤ ልጁ ግን የሚወደው ወጥ መሥራት ነው። በጉ ለበዓል ሊታረድ መሆኑን ሲያውቅ ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ ላይ ይሸጣል። ረመዳን ላይ ለመስጂድ ኢፍጣር ሳምቡሳ ያጠፈ ሰው ሁሉ በዚህ ፊልም ይስቃል፤ ቆይቶም ዓይኑ እንባ ያቀራል። ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ተገኘ ብለው የሚያሾፉ ጓደኞቻችንም ቢያዩት ይጠቅማቸዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን ይረዱ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነግራናለች።

"ድፍረት" የተለየ ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ትገድላለች፤ ጠበቃዋ መዓዛ ትከራከርላታለች። መነሻው በአገራችን የሆነ እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊም ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ጠለፋ በባህል ስም ለሚሸፈንበት ሁሉ ፊልሙ መልስ ነው፤ በእስልምናም ያለ ሴቷ ፈቃድ ኒካሕ የለም። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለጊዜው ቆመ። የታሪኩ ባለቤት "ታሪኬን ያለ እኔ ፈቃድ" በማለቷ ነው። ማን ልክ ነበር ብለን አንፈርድም። ሆኖም የስኳሩ አባት ትዝ ይለናል። የሰው ታሪክም አማና ነው።

የጎንደር ልጅ ሆኖ ስለ ፊልም ጽፎ ኃይሌ ገሪማን የሚዘል የለም። እዚሁ ጎንደር ተወልዶ፣ ቴአትር ያሳዩ በነበሩ አባት እጅ ያደገ ሰው ነው። አሜሪካ ሄዶ ፊልም ተማረ፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣውን "ሳንኮፋ"ን የሚያከፋፍልለት ድርጅት ሲያጣ ከከተማ ከተማ ራሱ እየዞረ አሳየው። "ጤዛ" ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፣ በቀጣዩ ዓመትም በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ተሸለመ።

"ጤዛ" ከባድ ፊልም ነው። ጊዜው ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ የሚያየው ሰው በመሃል ሻይ ልጠጣ ብሎ ቢነሳ ክሩ ይጠፋዋል። ግን ዩኒቨርሲቲ ላለ ሰው ሁሉ የተሠራ ይመስለናል። አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ፣ አብዮቱን አይቶ፣ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። መንደሩ "ተማረ" የተባለው ልጅ ምን ይዞ እንደመጣ ይጠብቃል። እሱ የያዘው ቅዠት ብቻ ነው። ወጣቶቹ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። እኛም ነገ ዲግሪ ይዘን ወደየመንደራችን ስንሄድ ያው ጥያቄ ይጠብቀናል። የስሌት ቀመር ይዘን መሄዳችን ጥሩ ነው፤ የሚሰማን ሰው ቋንቋ ካጣን ግን አንበርብርን እንሆናለን።

ውድ አንባቢዎች! እስካሁን የቆጠርናቸውን ፊልሞች ደግማችሁ እዩአቸው። የነጃሺን ፍርድ ያሳየን ሶሪያዊ ነው። የቢላልን ልጅነት የሣለልን ዱባይ ነው። የሙስሊም ድሃ ቤት ምን ያህል እንደሚያምር ያሳየን ኢራናዊ ነው። የኢትዮጵያን ገጠር ያሳዩን ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ኢትዮጵያዊ ሙስሊም ቤቱ ውስጥ፣ ከነሐሳቡና ከነቀልዱ የት አለ? እኛ ባየናቸው የአማርኛ ፊልሞች ውስጥ ሙስሊሙ ብዙውን ጊዜ የሰፈሩ ባለሱቅ ነው፤ ሒሳቡን ተቀብሎ ከታሪኩ ይወጣል። በዒድ ዕለት በቴሌቪዥን አጭር ድራማ ይታይና እስከ ቀጣዩ ዒድ ይጠፋል።

የሚቀረጽ ታሪክ ጠፍቶ አይደለም። ዐቃድ የተወውን ሐበሻ እንውሰድ። ሰሓቦቹ ከነጃሺ ፊት ከወጡ በኋላ የት ሄዱ? ጀዕፈር (ረ.ዐ) እዚህ ከ10 ዓመት በላይ ኖሯል፤ ልጁ ዐብደላህ የተወለደው ሐበሻ ምድር ነው። ምን በሉ? ቋንቋውን እንዴት ለመዱ? ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) በሲራ ኪታቦች የነገረችን አንድ ታሪክ አለ። በነጃሺ ላይ ጠላት ተነሳበትና ጦርነቱ ከወንዝ ማዶ ሆነ፤ ኪታቡ ወንዙን ኒል ይለዋል። ስደተኞቹ ተጨነቁ፤ ነጃሺ ከተሸነፈ መጠጊያ የላቸውም። "ሄዶ ወሬውን የሚያመጣልን ማን ነው?" ሲባል ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሰው ዙበይር (ረ.ዐ) "እኔ" አለ። ስልቻ ነፍተው ሰጡት፤ ደረቱ ሥር አድርጎ እየዋኘ ተሻገረ። እነሱ ዱዓ እያደረጉ ጠበቁ። በመጨረሻ ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ እየሮጠ መጣ፦ ነጃሺ አሸንፏል!

ይህን ማን ይቅረጸው? ስልቻ የሚያውቅ፣ የክረምት ወንዝ ሞልቶ ማዶ ያለ ዘመዱን የጠበቀ፣ የደጋውን ጭጋግ ያየ ሰው ነው እንጂ! ሆሊውድ ይህን ቢሠራ ወንዙን በኮምፒውተር ይሠራዋል። እኛ ወንዙ አለን።

ወደ ቅርቡ እንምጣ ካልንም አዲስ ዓለም አለልን። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሙ ተለይቶ እንዲሰፍር ከተወሰነ ጀምሮ በዚያ ሰፈር ሸማኔው ሸምኗል፤ ነጋዴው ከምፅዋና ከሱዳን ሲራራ አመላልሷል። የጎንደር ሹማምንት የለበሱትን ሸማ ማን እንደሠራው ከተማው የሚያስታውሰው በአባቶቻችን ወግ ብቻ ነው። አባቶቹ ሲሄዱ ወጉም አብሯቸው ይሄዳል።

ነገሩ የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በከተማችን ከአንድ ቀብር ጋር ተያይዞ በተነሳው ጥቃት ወገኖቻችን ሞተዋል፤ አላህ ይማራቸው። አንድ ፊልም ያንን ያስቀረው ነበር አንልም። ነገር ግን ስለ ጎረቤቱ ቤት ምንም የማያውቅ ሰው ስለ ጎረቤቱ የተወራውን ሁሉ ያምናል። የዐሊን እናትና አባት በፊልም ያየ ሰው ስለ ቴህራን ድሃ የሚወራውን ክፉ ወሬ በቀላሉ አይቀበልም። የአዲስ ዓለምን እናት ግን ማንም በፊልም አላያትም።

ስለዚህ ለጀመዓችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ በሴሚስተር አንድ ጊዜ፣ ኡስታዞቻችን አይተው የፈቀዱትን አንድ ፊልም፣ የወንድሞችና የእህቶች መቀመጫ ተለይቶ፣ በሶላት ሰዓት እየተቋረጠ እንይ፤ ከዚያ እንወያይበት። በ"የጀነት ልጆች" ብንጀምር ደስ ይለናል። ሁለተኛ፣ ስልክ ያለው ሁሉ በዕረፍት ወደ ቤቱ ሲሄድ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት፣ አስፈቅዶ፣ ለአንድ ሰዓት ይቅረጽ። "አስፈቅዶ" የሚለው ቃል እንዳይዘለል፤ አማና ነው። ሦስተኛ፣ ከመካከላችን መጻፍ የሚችሉ እህቶችና ወንድሞች የዙበይርን ስልቻ በአሥር ገጽ ይጻፉልን። ሰሓባን በተዋናይ ማሳየት ዑለማዎች የተነጋገሩበት ጉዳይ ስለሆነ ከመቅረጽ በፊት እንጠይቃለን። ባይፈቀድም ችግር የለም፤ ማዶ ለማዶ ሆነው የሚጠባበቁትን ሰዎች ፊት አሳይቶ ታሪኩን በድምፅ መተረክ ይቻላል። ዐቃድ ዋናውን ባለታሪክ ሳያሳይ ሦስት ሰዓት ከሠራ፣ እኛ አሥር ደቂቃ አያቅተንም።

ያም እስኪሆን ድረስ ፍላሹ መዞሩን አያቆምም። የሚዞረውን ግን እንምረጥ፤ ፈጅርንም እንድረስበት።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።